የውሸታሙ ሰውዬ አፍ ሆኜ

ሐኪሙ አፌን አስከፍቶ ጉሮሮዬን በባትሪ ካየ በኋላ፣ ከእንግዲህ ድምፅህን ከፍ አድርገህ እንዳትናገር አለኝ። ሥራዬን ቀደም ብዬ ነግሬው ነበር፤ አልገባውም መሰለኝ። አናጢን መዶሻ አትንካ እንደማለት እኮ ነው። ለነገሩ የምሠራበት ቪዲዮ ቤትም በዚያው ሰሞን ተዘግቶ የሞባይል መጠገኛ ሆኗል። ዛሬ ከሚሴ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ ፊልም የሚያይ ወጣት የለም፤ ሁሉም ፊልሙን በኪሱ ይዞ ይዞራል። አልከፋኝም ብል ዋሸሁ። ግን አርፈህ ተቀመጥ ሲሉኝ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም። ጉሮሮዬ ቢታመም እጄ ደህና ነው፤ ስለዚህ እጽፋለሁ።

ሥራዬ ፊልም ማስተርጎም ነበር። ለማያውቅ ላስረዳ። ቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ፤ የፊልሙን ድምፅ ዝቅ አደርጋለሁ፤ ከሥር የሚያልፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያነበብኩ እዚያው በዚያው በአማርኛና በኦሮምኛ እናገራለሁ። ሽማግሌውም እኔ፣ ሙሽራይቱም እኔ፣ ካስፈለገ ፈረሱም እኔ ነኝ። ክፍያው ያው እንደ ታዳሚው ብዛት ነበር፤ ልጆች አሳድጌበታለሁ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሌላ የምለው የለኝም።

ሙያውን ያስተማሩኝ አባ ጀማል የሚባሉ የባቲ ሰው ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም። በባቲ ገበያ፣ ከቆላ ግመልና ፍየል እየነዳ በሚመጣው አፋርና ከደጋ በሚወርደው ነጋዴ መካከል ቆመው ሲያስማሙ ያረጁ አስተርጓሚ ነበሩ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ አጥቼ በምዞርበት ጊዜ የባቲው ቪዲዮ ቤት ባለቤት ገበያ በማይቆምባቸው ቀናት ፊልም እንዲናገሩለት አባ ጀማልን ያዛቸው። ማንበብ ስለማይችሉ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ጽሑፉን ሹክ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ለሕዝቡ ያደርሳሉ። አጀማመሬ ይኸው ነው።

የሳቸው ነገር ዛሬም ይገርመኛል። ገበያ ውስጥ «ሰውየው አልሸጥም ይላል» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። «አልሸጥም» ነበር የሚሉት፣ ግመሏ የራሳቸው እንደሆነች ሁሉ። ሻጩ ከተሳደበ ስድቡን ሳያጎድሉ ያደርሱታል፤ ፊታቸው ግን አይቆጣም። ቅርንፉድ ከጉንጫቸው አይጠፋም። ከመናገራቸው በፊት ምራቃቸውን አንዴ ዋጥ ያደርጋሉ፤ ነገሩ በመካከል ትንሽ እንዲያርፍ ነው ይሉኛል። ፊልም ላይ ደግሞ የሰው አፍ አያዩም፣ እጅ ነው የሚያዩት። ሻጭ በአፉ ምንም ቢል የእንስሳውን ገመድ ላላ ካደረገ ሊሸጥ ነው፤ ይህን ከገበያ ይዘውት ነው የመጡት። እኔ እስክሪኑ ላይ የገዳዩ አፍ ላይ ሳፈጥጥ፣ እሳቸው ጣቶቹን አይተው ሰውየው ሊተኩስ እንደሆነ ቀድመው ያውቁ ነበር።

አንድ ቀን የአንዱን ባለጌ ንግግር ለስለስ አድርጌ ነገርኳቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ አፈርኩ። ምን እንደታያቸው እንጃ፣ ፊልሙ ሲያልቅ ያዙኝ። «ሰይዶ፣ እኔም ለሰው አዝኜ ያላለውን ቃል ጨምሬለት አውቃለሁ። ሻጭም ገዥም ተጣሉኝ» አሉኝ። ቁጣቸው ይህችው ነበረች። ከዚያ ወዲያ ለሳቸው ቃል አላለሰለስኩም።

ከባቲ ወደ ጨፋ ሮቢት ዞርኩ። እዚያ ቤትም አልነበረን። የገበያ ዕለት ከእህል መጋዘን ጀርባ ሸራ እንወጥርና ጀኔሬተር አስነሥተን እናሳያለን። አህያው ሲያናፋ ተዋናዩን አቋርጬ «ወንድሜ አንተም ተራህን ጠብቅ» እላለሁ፤ ሰው ይስቃል። ሁለቱን ቋንቋ ማቀላቀል የተማርኩት ሮቢት ነው። ቀልዱን በአማርኛ ተናግሬ በኦሮምኛ ስደግመው ግማሹ ሰው ስቆ ጨርሶ ግማሹ ገና ይጀምራል፤ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ አንዷን ዓረፍተ ነገር ከሁለቱም ሠራኋት። «ዱፌ፣ መጣልህ! ኮቱ፣ ግባ በለው!» ስል ሁሉም እኩል ይነሣል። ያ ደስታ በደመወዝ አይገኝም።

በመጨረሻ ከሚሴ ገባሁ፤ ጡረታዬም እዚሁ ሆነ። አለቃዬ እንድሪስ ይባላል። ደግ ሰው ነው፤ ጩኸት ግን ይወዳል። ዝም ካልኩ የከፈለው ሰው የተሰረቀ ይመስለዋል። ለመግሪብ ሶላት ፊልሙን እናቆማለን፤ ጀግናው ሰይፉን እንደሰነዘረ ተገትሮ ይጠብቀናል። ጂኒ ያለበት ፊልም ሲመጣ ደግሞ ጂኒ ብዬ ስም አልጠራም ነበር፤ በተለይ ሲመሻሽ ሰው ደስ አይለውም። «እነዚያ» እላቸዋለሁ። እነዚያ መጡ፣ እነዚያ ሄዱ። ማን እንደሆኑ የማያውቅ አልነበረም።

አሁን ወደ ሰውየው ልምጣ።

ማንጋ ከሚሉት የጃፓን የሥዕል ታሪክ የተሠራ ተከታታይ ካርቱን ነው። ወጣቶቹ በፍላሽ ይዘው መጥተው ይህን ካልተናገርክልን አሉ። ዋናው ሰው ስሙ ለአፌ አልመች ስላለ «ውሸታሙ» አልኩት። እንድሪስ፣ ዋና ሰው እንዴት ውሸታም ይባላል፣ ጀግና ጠፋ ወይ ብሎ ተከራከረኝ። ጠፍቶ ነበር። ይህ ሰውዬ ትከሻው ላይ ብርድ ልብስ ጥሎ፣ በእጁ አካፋ ይዞ፣ እያዛጋ የሚዞር ሰነፍ ነው። ለሙታን የተቀመጠ ምግብ ሰርቆ ይበላል። እነዚያ ሲመጡ ጓደኛውን ከፊቱ ገፍቶ ይሮጣል። ከያዙት ደግሞ በአካፋው ያጋድማቸዋል፤ ጭንቅላት ይንከባለላል፣ ደሙ ከቴሌቪዥኑ ወጥቶ ወለሉን የሚያርስ ይመስላል። አስተግፊሩላህ ብዬ ነው የጀመርኩት።

ልዩ የሚያደርገው አንድ ነገር ነበር፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ሲዋሽ ቁስሉ ይድናል። ሆዱ ተዘርግፎ ወድቆ «ምንም አልነካኝም» ሲል ሥጋው ተገጣጥሞ ይዘጋል። እውነት ከተናገረ የዳነው ቁስል ይከፈታል። ስለዚህ ቀን ሙሉ ይዋሻል፤ ካልዋሸ ይሞታላ። መጀመሪያ ጠላሁት። እየዋለ እያደረ ግን ድምፁን አገኘሁለት፤ ጎርነን ያለ፣ እንቅልፍ ያልጠገበ። ሲዋሽ አንገቱን ያካል፤ እሷን እጅ እያየሁ ውሸቱን ዝቅ አድርጌ እናገራታለሁ። ቤቱ ይሞላ ጀመር። ቁስሉ በተዘጋ ቁጥር ሰው ሁሉ «ዋሸ!» ይላል። ሳንመካከር የመጣ ልማድ ነው።

ከሚያዩት አንዱ ኑሩ የሚባል የሠፈራችን ልጅ ነበር፣ ባጃጅ ነጂ። መንገዱ ተበጥብጦ ተኩስ በነበረበት ሰሞን ሮቢት በኩል ሲሠራ አንድ ነገር ገጠመው፤ በእግሩ ከሚሴ ገባ። ከዚያ ወዲህ ባጃጁንም አላየናት፣ እሱም ከቤት አልወጣ አለ። ሸጣት የሚል አለ፣ ተቃጠለች የሚል አለ። መንገዱ ሰላም ሆኖ ጓደኞቹ ሁሉ ሥራ ሲመለሱ እሱ ብቻ ቀረ። የሚመጣው ውሸታሙ በሚታይበት ቀን ብቻ ነው፤ የኋላው አግዳሚ ላይ ተሸፋፍኖ ይቀመጥና መብራት ሳይበራ ይወጣል። እናቱ ሩቂያ ጎረቤቴ ናት። የልጇን መክሳት እያየች እሷም አብራ ከሳች።

አንድ ቀን ሩቂያ በሬ ላይ መጣች። ቁጭ በይ ብላት እምቢ አለች።

«ወንድሜ ሰይድ፣ የኔን ምክር አልሰማም። የሼሁንም አልሰማም። ያንን ሰውዬ ግን ትንፋሹን ውጦ ይሰማዋል አሉኝ። በአላህ ይሁንብህ፣ በሱ አፍ ምከርልኝ።»

ምን ልበለው አልኳት።

«ተነሥ በለው። የሰው ዓይን አይበላህም፣ ወጥተህ ሥራ በለው። ልጄ እየሞተብኝ ነው።»

እናት እንዲህ ስትል ምን ይባላል? እሺ አልኳት። አባ ጀማል ትዝ አሉኝ፣ አልክድም፤ ግን እሳቸው ግመል እያስማሙ ነው የኖሩት፣ የሩቂያን ፊት አላዩም አልኩ።

በሚቀጥለው ክፍል ውሸታሙ ከእነዚያ ጋር ተዋግቶ፣ ሆዱ ተቀዶ፣ ግድግዳ ተደግፎ ብዙ የሚናገርበት ቦታ አለ። አፉ ረጅም ጊዜ ስለሚንቀሳቀስ ምክሯ ልክ ትገባለች ብዬ መረጥኩት። ሰዓቱ ደረሰ፤ ጽሑፉን ትቼ፣ ድምፄን አስተካክዬ፣ «ተነሥ አንተ ልጅ! የሰው ዓይን አይበላህም፣ ወጥተህ ሥራ!» አልኩ። እንድሪስ እንደሚወደው ጮክ አድርጌ።

እስክሪኑ ላይ ቁስሉ ግጥም አለ።

አፉን የሚያይ፣ ቁስሉን የሚረሳ አስተርጓሚ! ቤቱ በአንድ ድምፅ «ዋሸ!» ብሎ በሳቅ ፈረሰ። ለካ የሰው ዓይን ይበላል፣ ለካ ወጥቶ መሥራት ውሸት ነው ማለቴ ሆነ። አግዳሚ እየደበደቡ ይስቃሉ። ከኋላ ኑሩ ተነሥቶ በሩን ከፍቶ ሲወጣ የቀኑ ብርሃን ገባና አየሁት። ያን ቀን የቀረውን ፊልም እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። በሥራ ዘመኔ ሮቢት ላይ ጀኔሬተር ተቃጥሎብኛል፣ ባቲ ላይ ሰው ተደባድቦብኛል፤ እንደዚያ ቀን ግን ወድቄ አላውቅም።

ኑሩ ሳምንት ሙሉ ቀረ። ሩቂያ ስታየኝ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ታልፋለች፤ እሱ ባሰብኝ። መጨረሻ ላይ ራሴ ቤታቸው ሄድኩ። ግድግዳውን ይዞ ተኝቷል። አካም ጂርታ፣ እንዴት ነህ ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፊቱን ሳያዞር ተናገረኝ።

«ጋሼ፣ ያ ሰውዬ እንደዚያ አይልም። እናቴ ናት የተናገረችው። የሰው ዓይን አይበላህም ማለት የሷ ነው።»

እውነትህን ነው፣ እሷው ናት አልኩት።

«እሱስ ምን ነበር ያለው?»

«በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም ነው ያለው።»

ዞር አለና አየኝ። «ከዚያ ቁስሉ ዳነ?»

«ድን አለ እንጂ።»

ሳቀ። አጭር ሳቅ ናት፣ ግን ሩቂያ ከጓዳ ሰምታት ድስቱን እንደያዘች ብቅ አለች። ተመለሽ ብዬ በዓይኔ ጠቀስኳት። ከዚያ ኑሩ ተቀመጠና ያልነገረውን ነገረኝ። ያን ቀን ከሮቢት ገበያ ዘሀራ የሚባሉ አሮጊት አሳፍሮ፣ ገጠር ወዳለች ልጃቸው ቤት እየወሰዳቸው ነበር። ከከተማው ወጣ እንዳሉ ተኩስ ተከፈተ። እሱ ሞተሩን ሳያጠፋ ዘሎ እርሻ ውስጥ ገባና ሮጠ። አሮጊቷን ከኋላ ወንበር ላይ ትቶ። አልሞቱም፤ ሰዎች አውጥተዋቸዋል፣ ባጃጇንም ገፍተው እሳቸው ግቢ አስገብተዋታል። ይህንንም በሰው በሰው ሰምቷል። ባጃጁን ለመውሰድ የሳቸውን ደጅ ማንኳኳት አለበት። እሱን አልቻለም። ነገሩ ይህ ነበር።

እኔ ምን ብዬ እመክራለሁ? አንዴ መክሬ ያየነውን አይተናል። የሰውየው የመጨረሻ ክፍል ሐሙስ ነው፣ የሚለውን ብቻ እናገራለሁ፣ ከራሴ አንዲት ቃል አልጨምርም ብዬው ወጣሁ።

ሐሙስ መጣ፤ የኋላው አግዳሚ ላይ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ውሸታሙ ከዚያ በፊት አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ያበላው ያጠጣው ነበር። እነዚያ ሲመጡ ሽማግሌውን ቤት ውስጥ ትቶት ሮጧል። አሁን ወደዚያ ቤት ሲመለስ እናያለን። በየበሩ ይቆርጡታል፤ አንድ ክንዱ ተንጠልጥሏል፣ ደረቱ ተከፍቷል። እየተጎተተ ሽማግሌው ዘንድ ደረሰ። ሽማግሌው ድምፁን ለይቶ ለምን መጣህ ይለዋል።

እኔ ምራቄን ዋጥሁ። ጽሑፉ አጭር ነው። «ብርድ ልብሴን ረስቼ ነው» አልኩ፣ ጎርነን ባለችው ድምፅ፣ ዝቅ አድርጌ።

ደረቱ መዘጋት ጀመረ። ክንዱ ተመለሰ። የሰውየው አካል ሁሉ ድን አለ።

ማንም «ዋሸ!» አላለም። ብርድ ልብሱን ብሎ እንዳልመጣ ሁሉም ገባው፤ እኔ ምንም ሳልጨምር ገባው። እንድሪስ እንኳን ከበሩ ሆኖ ተናገር እንጂ አላለኝም። መብራት ሲበራ ኑሩ እንደተቀመጠ ነበር። ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠበቀና ወደኔ መጣ።

«ጋሼ፣ ነገ ሮቢት ልሄድ ነው። ባጃጄን ላመጣ ነው፣ ለሌላ አይደለም። አብረኸኝ ትሄዳለህ?»

«ለባጃጅህ ከሆነማ እሄዳለሁ» አልኩት።

በማግስቱ በሚኒባስ ሄድን። መንገዱን ሁሉ የባጃጁን ትርፍ ቁልፍ ሲያገላብጥ ነበር። እኔም ፈርቼ ነበር። አሮጊቷ ቢረግሙትስ? ልጆቻቸው ቢነሡበትስ? ሩቂያ ከኋላዬ ያፈሰሰችው ዱአ ነው እግሬን ያንቀሳቀሰው። ግቢው ጋ ስንደርስ ባጃጇ ከአጥሩ በላይ በፕላስቲክ ተሸፍና ትታያለች። እማ ዘሀራ በሩ ላይ እህል እያበጠሩ ነበር። ቀና ብለው አዩት። እጃቸው ላይ ያለው ሰፌድ ቆመ።

ኑሩ በኦሮምኛ ሰላምታ አቀረበ። «ባጃጄን ልወስድ ብዬ ነው የመጣሁት» አለ።

አሮጊቷ ሰፌዱን መሬት አስቀመጡ። እኔ ያረጀሁት ሰው ለሰው በማድረስ ነውና አፌ አስታራቂ ቃል ሊያወጣ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ» አሉት፣ «እኔ ያን ቀን ወደ ልጄ ነበር የምሄደው። እስከ ዛሬ አልደረስኩም። ካንተ ሌላ መንገድ ላይ የሚያወጣኝ አላገኘሁም፣ ፈራሁ።»

ኑሩ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሳቸው አልከለከሉትም፤ ቤት ገብተው ጫማቸውን ቀይረው፣ አዲስ ሻሽ አስረው፣ ዘንቢል ይዘው ወጡ። ፕላስቲኩን ራሳቸው ገፈፉት። ከኋላ ወንበር ላይ አንዲት ዶሮ ተኝታ ነበር፤ እሷን አንሥተው በቦታዋ ተቀመጡ።

ባጃጇ ግን አልነሣም አለች፤ ስንት ጊዜ ቆማ። እኔና ሁለት ጎረቤቶች ከግቢ አውጥተን ገፋናት። ያ በኋላ አትጩህ ያለኝ ሐኪም ያኔ ቢያየኝ! «ግፋ! ጂራ፣ አለች!» እያልኩ እጮሃለሁ። አሳለች፣ ጭስ ተፋች፣ ተነሣች። ኑሩ ሳይቆም ነዳ፤ እማ ዘሀራ የወንበሩን ብረት ይዘው ሲሄዱ አንዴ እንኳን ዘወር አላሉም። አቧራው እስኪሰክን ቆሜ አየኋቸው። እኔን ከነመኖሬ ረስተውኛል፤ ወደ ከሚሴ የተመለስኩት እህል ከጫነ ሚኒባስ ላይ ተጣብቄ፣ ድምፄ ተዘግቶ፣ ስስቅ ነው።